የቆሽት ካንሰር ሞትን ከአገር አገር እንዴት እናወዳድር? ደረጃ በደረጃ

«በቆሽት ካንሰር የሚሞተው ሰው በእጥፍ ጨመረ» የሚል ዜና በየጊዜው ይመጣል። ከሥሩ ካርታ አለ። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ደማቅ ቀይ፣ አብዛኛው አፍሪካ ፈዛዛ ቢጫ። አስተያየት ሰጪው ደግሞ ያው ነው። አንዱ «የፈረንጅ በሽታ ነው» ይላል። ሌላው ጤፍና ሽሮን ያመሰግናል።

ካርታው ውሸት አይደለም። ግን ብዙ ነገር ደባልቆ ነው የሚያሳየው። የሕዝቡ ዕድሜ አለበት። የሲቲ ስካን ብዛት አለበት። የሞት ምዝገባ ጥራት አለበት። ከእነዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ እውነተኛው የበሽታ ልዩነት አለ። የዚህ መመሪያ ሥራ እነዚህን መለየት ነው። ኢንተርኔት፣ ኤክሴል ወይም ካልኩሌተር፣ እና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃችኋል። ለጤና ጋዜጠኛ፣ ለተማሪ፣ ወይም እንዲሁ ቁጥር መመርመር ለሚወድ ሰው ይሆናል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«የቆሽት ካንሰር የት ይበዛል?» ጥያቄ አይደለም፤ ወሬ ነው። እንዲህ አድርጉት፦ «በ2022 በቆሽት ካንሰር የሞቱ ወንዶች ምጣኔ በጃፓንና በአሜሪካ ምን ያህል ይለያያል?» ቦታ፣ ዓመት፣ ጾታ፣ ሞት ወይስ አዲስ ሕመምተኛ፣ ሁሉም ይታወቅ። ወንድና ሴትን ለየብቻ ያዙ። በአብዛኛው አገር የወንዶቹ ምጣኔ ይበልጣል፣ የለውጡ አቅጣጫም አንዳንዴ ይለያያል።

በዚህ ካንሰር ሞትን መምረጥ ብልህነት ነው። በ2022 በዓለም 511,000 ገደማ አዲስ ሕመምተኞች ተገምተዋል፤ የሞቱት ደግሞ 467,000 ገደማ። አካፍሉት፤ ከ0.9 በላይ ይመጣል። በአሜሪካ እንኳ ከታወቀበት ሰው አምስት ዓመት የሚቆየው 13 በመቶ ያህሉ ነው። ስለዚህ የሞት ምጣኔው ስንት ሰው እንደታመመም በደንብ ይጠቁማል። ለጡት ወይም ለፕሮስቴት ካንሰር ይህን ማለት አይቻልም። እዚያ ሕክምናው በመሃል ገብቶ ሁለቱን ቁጥሮች አራርቋቸዋል።

ደረጃ 2፦ ቁጥሩን ከምንጩ አውጡ

ከዜና አትቅዱ። ለዓለም አቀፍ ንጽጽር የመጀመሪያው በር በፈረንሳይ ሊዮን የሚገኘው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ነው። «ግሎቦካን» የሚባለው ግምት የእሱ ነው። «ካንሰር ቱዴይ» በሚለው ገጽ የአንድ ዓመት ሥዕል ታገኛላችሁ። «ካንሰር ኦቨር ታይም» ደግሞ የዓመታት ጉዞ ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት የሞት ዳታቤዝ አገሮች ራሳቸው የላኩትን የሞት ምዝገባ ይይዛል። በአሜሪካ ክፍለ ግዛቶችንና ካውንቲዎችን ማየት ከፈለጋችሁ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል (ሲዲሲ) የሚያወጣው «ሲዲሲ ዋንደር» የተባለ ዳታቤዝ ነጻ ነው፤ መመዝገብም አይጠይቅም።

የሞት ምክንያት ስትመርጡ ኮዱን ፈልጉ። በዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ አሥረኛ እትም የቆሽት ካንሰር ሲ25 ነው። በዘጠነኛው እትም 157 ነበር። አሜሪካ የሞት ምዝገባዋን ወደ አሥረኛው ያዞረችው በ1999 ነው። ረጅም ዘመን የምታዩ ከሆነ ሁለቱንም መሳብ ይኖርባችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ያወረዳችሁበትን ቀን ጻፉ። ግሎቦካን አዲስ እትም ሲያወጣ የግምቱ ዘዴም የመረጃው ምንጭም ይቀየራል። የ2020ውን እትም ከ2022ቱ አጠገብ አድርጎ «በሁለት ዓመት ቀነሰ» ማለት አይቻልም፤ ኤጀንሲው ራሱ ይህን እንዳታደርጉ ያስጠነቅቃል። ብዙ ሰው ግን ያደርገዋል።

ደረጃ 3፦ ብዛትና ምጣኔን አትደባልቁ

ይህ አጭር ነው። «በ2017 በዓለም 441,000 ሰው ሞተ» ብዛት ነው። «ከ100,000 ሰው 6 ሞተ» ምጣኔ ነው። ብዛቱ ለሆስፒታል አልጋና ለበጀት ይጠቅማል። ቦታን ከቦታ ለማወዳደር ግን ምጣኔው ነው የሚያስፈልገው።

ደረጃ 4፦ የዕድሜን ነገር አጥሩ

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው።

የቆሽት ካንሰር በአብዛኛው የእርጅና በሽታ ነው። በአሜሪካ በዚህ ከሚሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 70 ዓመት አልፏቸዋል። እንግዲህ አዛውንት የበዛበት አገር ሌላ ምንም ባይኖርበት እንኳ ብዙ ሰው ይሞትበታል። ጃፓንን ተመልከቱ። በ2022 ከ39,000 በላይ ሰው በቆሽት ካንሰር ሞቶባታል። ለሕዝቧ ስታካፍሉት ከ100,000 ሰው 32 ገደማ ነው። በአሜሪካ በዚያው ዓመት ይኸው ስሌት 15 ገደማ ይሰጣል። ታዲያ ጃፓን በእጥፍ ትበልጣለች? አትቸኩሉ። ከጃፓን ሕዝብ 29 በመቶ የሚሆነው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ነው። በአሜሪካ 17 በመቶ ገደማ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ 4 በመቶም አይሞላም።

ነገሩን በእጃችሁ ለማየት ሁለት የፈጠራ ከተሞች እንሥራ። ሁለቱም አንድ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ አላቸው። በሁለቱም ከተሞች በየዕድሜው የሞት ምጣኔው አንድ ነው፤ ከ45 ዓመት በታች ከ100,000 ሰው 0.4፣ ከ45 እስከ 64 ከ100,000 ሰው 10፣ 65ና ከዚያ በላይ ከ100,000 ሰው 60። የሚለያዩት በዕድሜ ስብጥር ብቻ ነው።

የመጀመሪያዋ ያረጀች ከተማ ናት። 500,000 ወጣት፣ 280,000 ጎልማሳ፣ 220,000 አዛውንት አላት። ሞቱ 2፣ 28 እና 132 ይሆናል። ድምሩ 162፤ ጥሬ ምጣኔው (ዕድሜ ሳይታይ ከ100,000 ሰው የሞተው) 16.2።

ሁለተኛዋ ወጣት ናት። 750,000፣ 200,000 እና 50,000። ሞቱ 3፣ 20 እና 30። ድምሩ 53፤ ጥሬ ምጣኔው 5.3።

አያችሁት? አንድም ሰው ከሌላው የተለየ አደጋ ሳይኖርበት አንደኛዋ ከተማ በሦስት እጥፍ «የታመመች» መሰለች። ካርታውን ቀይና ቢጫ ከሚያደርገው ነገር አንዱ ይኸው ነው።

መፍትሔው በዕድሜ የተስተካከለ ምጣኔ ነው። ሁለቱንም ከተሞች አንድ ዓይነት የዕድሜ ስብጥር እንዳላቸው አድርገን እናሰላለን። ለዚህ የሚያገለግል የዓለም መደበኛ ሕዝብ አለ። በ1960 ጃፓናዊው ሚትሱኦ ሴጊ ያወጡት፣ በ1966 እንግሊዛዊው ሪቻርድ ዶል ያሻሻሉት ነው። በዚህ ስብጥር ከ45 በታች 74 በመቶ፣ ከ45 እስከ 64 19 በመቶ፣ ከ65 በላይ 7 በመቶ ነው። አሁን በየዕድሜው ያለውን ምጣኔ በድርሻው አባዙና ደምሩ፦

0.4 × 0.74 = 0.3
10 × 0.19 = 1.9
60 × 0.07 = 4.2

ድምሩ 6.4። ለሁለቱም ከተሞች አንድ ነው፤ መሆን ያለበትም እሱ ነው። በእውነተኛ መረጃ ስትሠሩ ሦስት ሳይሆን አሥራ ስምንት የዕድሜ ቡድን ይኖራችኋል። ስሌቱ ግን ከዚህ የተለየ አይደለም። የጃፓንና የአሜሪካ የእጥፍ ልዩነትም በዚህ መንገድ ሲሰላ አብዛኛው ይጠፋል።

ደረጃ 5፦ የትኛው «መደበኛ ሕዝብ» እንደሆነ ጠይቁ

በዕድሜ ተስተካክሏል የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ዘና እንዳትሉ። መደበኛ የሚባለው ሕዝብ አንድ ብቻ አይደለም። የሴጊ አለ። የአውሮፓ የ1976 አለ፣ የ2013 አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የራሱ አለው። አሜሪካኖች የ2000 ዓመት ሕዝባቸውን ይጠቀማሉ።

ያችኑ የፈጠራ ከተማ በአሜሪካው እናስላት። እዚያ ድርሻው 65.2፣ 22.2 እና 12.6 በመቶ ገደማ ነው። ድምሩ 10 ይመጣል። አንድ ከተማ፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ዓይነት ሞት፤ በአንዱ ሚዛን 6.4፣ በሌላው 10። የአሜሪካ የቆሽት ካንሰር ሞት በአገሪቱ ብሔራዊ ካንሰር ተቋም ገጽ ላይ 11 ገደማ፣ በግሎቦካን ላይ 7 ገደማ ሆኖ የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው። የጣሊያንን ቁጥር ከግሎቦካን፣ የአሜሪካን ከአሜሪካው ገጽ ወስዶ ማወዳደር በኪሎ የተመዘነውን በፓውንድ ከተመዘነው ጋር እንደ ማስተያየት ነው። ሁለቱንም ከአንድ ቦታ ውሰዱ፤ አለቀ።

ደረጃ 6፦ ማን ቆጠረው?

ለእኛ አገር አንባቢ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ይህ ደረጃ ይመስለኛል።

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተደበቀ ነው። ዕጢው በእጅ አይዳሰስም፣ በተራ አልትራሳውንድም ብዙ ጊዜ አይለይም። ሲቲ ስካን ይፈልጋል፤ ናሙና ለመውሰድ ደግሞ ባለሙያና መሣሪያ ይፈልጋል። እነዚህ በሌሉበት ሰውየው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ከስቶ፣ ሆዱን እያመመው ይሞታል። ቤተሰቡም «ጉበት ነው» ወይም «ጨጓራ ነው» ይላል። ሐኪም ቤት ሳይደርስ ከሞተ ደግሞ ጭራሽ የሚጽፈው የለም። ስለዚህ በካርታው ላይ ፈዛዛ ቀለም ያለው አገር ሁለት ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ በሽታው ትንሽ ነው፣ ወይም ቆጣሪው ትንሽ ነው።

የኢትዮጵያን ቁጥር ስታዩ ከሥሩ ያለውን የዘዴ ማብራሪያ ክፈቱ። የግሎቦካን ግምት በዋናነት የሚነሳው በ2011 (እ.ኤ.አ.) ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ ከተቋቋመው የአዲስ አበባ ከተማ የካንሰር መዝገብ ነው። እሱ የአዲስ አበባን ነዋሪ ይመዘግባል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ነው ለአገር የሚገመተው። የሞቱ ቁጥር ደግሞ ከአዲስ ሕመምተኞች ግምት በሒሳብ ሞዴል የወጣ ነው እንጂ ከሞት ምስክር ወረቀት የተደመረ አይደለም። አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ሲሆን ሞት ገና በከፊል ነው የሚመዘገበው።

አዲስ አበባ በዚህ ረገድ ጥሩ ልምድ አላት። ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የከተማዋን ሞት በየመቃብር ቦታው ሲመዘግቡ ነበር። ከሐዘኑ በኋላ ወደ ቤተሰቡ ሄደው ሟቹ ከመሞቱ በፊት ምን ምን ምልክት እንደነበረው ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ሐኪሞች ምክንያቱን ይገምታሉ። ዘዴው የተነሳው ለኤችአይቪ ሞት ነበር፣ ለዚያም በደንብ ሠርቷል። ለቆሽት ካንሰር ግን ይቸገራል። ቢጫ ዓይንና የሆድ ሕመም ከጉበት በሽታ፣ ከሐሞት ጠጠር፣ ከጨጓራ ካንሰርም ይመጣል። ከዚህ ሌላ «ካንሰር» የሚለውን ቃል እንኳን ለጠያቂ ለታማሚው ለራሱም የማይነግር ቤተሰብ ሞልቷል።

አካፋዩንም አትርሱ። የመጨረሻው የኢትዮጵያ ሕዝብ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነው። አዛውንቶቻችን ዕድሜያቸው ሲጠየቅ 60፣ 70፣ 80 ማለት ይቀናቸዋል። በአምስት ዓመት የተከፋፈለ የዕድሜ ቡድን ላይ ይህ ትልቅ ጫና ያመጣል። በ2014 ዓ.ም ተብሎ የተዘገበ የሆስፒታል ቁጥርም ከመስከረም 2021 እስከ መስከረም 2022 (እ.ኤ.አ.) ያለው መሆኑን ልብ በሉ።

የበለጸጉ አገሮችም ንጹሕ አይደሉም። በሞት ምስክር ወረቀት ላይ «ካንሰር፣ ቦታው ያልታወቀ» ተብሎ የሚጻፍ አለ። ኮዱ ሲ80 ነው። የምታወዳድሯቸው አገሮች ላይ ይህን ኮድም ሳቡት። በአንዱ አገር በጣም ከበዛ፣ የቆሽቱ ቁጥር እዚያ ውስጥ በከፊል ተደብቋል ማለት ነው።

ደረጃ 7፦ ትንሽ ቦታ ላይ አትደንግጡ

በ2019 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት 195 አገሮችና ግዛቶችን አወዳድሮ ነበር። በ2017 በዕድሜ የተስተካከለው የሞት ምጣኔ ከሁሉም የበዛው በግሪንላንድ ሆነ፤ ከ100,000 ሰው 17.4። ሁለተኛዋ ኡራጓይ ናት፣ 12.1። ከሁሉም ያነሰው ባንግላዴሽ ነው፣ 1.9፤ በ1990 ደግሞ ከሁሉም ያነሰው ሳኦቶሜና ፕሪንሲፔ ነበር፣ 1.3።

ግሪንላንድ 56,000 ገደማ ሕዝብ ነው ያላት። በዓመት ሞቱ 10 ገደማ ነው ማለት ነው። ሦስት ሰው ቢጨምር ምጣኔው ይዘላል፣ ሦስት ቢቀንስ ይወርዳል። ይህ ማለት ግን ቁጥሩ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ግሪንላንድ ውስጥ ማጨስ በጣም የተስፋፋ ነው። የሳኦቶሜው 1.3 ደግሞ በሁለት በኩል ይጠረጠራል፤ አገሩም ትንሽ ነው፣ ምዝገባውም ደካማ ነው። እኔ ብሆን ከእነዚህ ሁሉ የምተማመነው በኡራጓይ ነው። ሕዝቧ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ነው፣ የሞት ምዝገባዋም ከደቡብ አሜሪካ ጥሩ ከሚባሉት ነው።

ቀላል ዘዴ አለ። የሞቱትን ብዛት ካሬ ሩት አውጡና በ2 አባዙት። 400 ሞት ከሆነ 40 ይመጣል፤ ቁጥሩ ከ360 እስከ 440 ባለው ውስጥ ነው ብላችሁ ያዙት። 9 ሞት ከሆነ 6 ይመጣል፤ ከ3 እስከ 15 ማለት ነው፣ ለመደምደሚያ አይሆንም። ሲዲሲ ዋንደር ለክፍለ ግዛትና ለካውንቲ ከ10 በታች የሆነ ሞትን ጭራሽ አያሳይም፤ ከ20 በታች በሆነ ቁጥር የተሠራን ምጣኔም «አያስተማምንም» ብሎ ይጽፍበታል። ትንሽ ቦታ ከሆነ የአምስት ዓመት ሞት ደምራችሁ ሥሩ።

ደረጃ 8፦ አዝማሚያውን አስሉ

ያው የ2019ኙ ጥናት እንዳለው በዓለም በቆሽት ካንሰር የሞተው ሰው በ1990 196,000፣ በ2017 ደግሞ 441,000 ነበር። ከእጥፍ በላይ። ዜናው የሚያነሳው ይህን ነው። በዕድሜ የተስተካከለው የአዲስ ሕመምተኞች ምጣኔ ግን በዚያው ዘመን ከ5.0 ወደ 5.7 ነው ያደገው፤ 14 በመቶ ገደማ። ቀሪው የጭማሪ ድርሻ የሕዝብ ብዛትና እርጅና ነው። ሁለቱም እውነት ነው፣ የሚመልሱት ጥያቄ ግን ይለያያል።

የዓመት አማካይ ለውጥን እንዲህ ታገኙታላችሁ። የመጨረሻውን ምጣኔ ለመጀመሪያው አካፍሉ፣ ከውጤቱ በዓመታቱ ብዛት ልክ ሩት አውጡ (ለ20 ዓመት 20ኛ ሩት)፣ 1 ቀንሱ። የአሜሪካ ወንዶች ምጣኔ በ2000 12.1፣ በ2020 12.7 ነበር። ኤክሴል ላይ =(12.7/12.1)^(1/20)-1 ብትጽፉ 0.24 በመቶ ይወጣል። በዓመት ሲታይ ኢምንት ነው። የሳንባ ካንሰር ሞት በዚያው ዘመን በፍጥነት ሲወርድ ይህኛው አለመውረዱ ነው ትልቁ ነገር። በአውሮፓም ተመሳሳይ ነው፤ የሌሎቹ ዋና ዋና ካንሰሮች ሞት ሲቀንስ የቆሽቱ እምቢ ብሏል።

ግን ከሁለት ጫፍ ብቻ ተነስታችሁ መስመር አትሳሉ። በመሃል የታጠፈ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ ነጭ ወንዶች ሞት ከ1970 እስከ 1995 ሲቀንስ ቆይቶ ከዚያ መጨመር ጀመረ። የጥቁር ወንዶች ግን እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ጨምሮ ከዚያ ወረደ። ሁለቱን ደባልቃችሁ ከ1970 እስከ 2009 አንድ መስመር ብትስሉ ምንም ያልሆነ ይመስላል። የአሜሪካ ብሔራዊ ካንሰር ተቋም «ጆይንፖይንት» የተባለ ነጻ ፕሮግራም አለው፤ እጥፋቱን እሱ ይፈልግላችኋል። ፕሮግራም ማውረድ ካልፈለጋችሁ ግራፉን በዓይናችሁ ተመልከቱ፤ ብዙ ጊዜ ይታያል።

ደረጃ 9፦ ምክንያት ከመስጠታችሁ በፊት ወደ ኋላ ተመልሱ

በደንብ የተረጋገጠው ትልቁ መንስኤ ሲጋራ ነው። ያው የ2019ኙ ጥናት ከዓለም የቆሽት ካንሰር ሞት 21 በመቶውን ለማጨስ፣ 9 በመቶ ገደማውን ለከፍተኛ የደም ስኳር፣ 6 በመቶ ገደማውን ለውፍረት ሰጥቷል። ስትደምሩት 40 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው በእነዚህ ሦስቱ አልተገለጸም።

የሲጋራ ውጤት በአሥርት ዓመታት ዘግይቶ ነው የሚመጣው። የዛሬውን ሞት ከዛሬው የማጨስ ልማድ ጋር ሳይሆን ከ20 እና ከ30 ዓመት በፊት ከነበረው ጋር አስተያዩት። በአሜሪካ በ1965 ከአዋቂው 42 በመቶው ያጨስ ነበር፤ አሁን 12 በመቶ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ሞቱ ለምን አልወረደም? ብዙ ተመራማሪዎች ሲጋራ የቀነሰውን ውፍረትና ስኳር በሽታ መልሰው ጨመሩት ይላሉ። እኔም ይህ አሳማኝ ይመስለኛል። በአገር ውስጥ ያለው ልዩነትም ከዚህ ጋር ይሄዳል። እንደ ሚሲሲፒና ሉዊዚያና ባሉ ደቡባዊ ክፍለ ግዛቶች ሞቱ ከፍ ይላል፤ ማጨስ ዝቅተኛ በሆነባት ዩታ ዝቅ ይላል።

አሜሪካ ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ወጥመድ አለ። ሠንጠረዡ ላይ «ብላክ» የሚለው ቡድን ከሚሲሲፒ ገበሬ ቤተሰብ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ድረስ ሁሉንም ያጠቃልላል። ባብዛኛው የሚናገረው ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ነው። ስደተኛ ሲጋራውም፣ ክብደቱም፣ ዕድሜውም ይለያል። «የእኛ ሰው በአሜሪካ እንዲህ ያህል ይሞታል» ለማለት ያ ሠንጠረዥ አይበቃም።

ደረጃ 10፦ ስታጋሩ ሁሉንም አንድ ላይ ጻፉ

ቁጥሩን ለብቻው አትልቀቁ። ቦታ፣ ዓመት፣ ጾታ፣ መደበኛ ሕዝብ፣ ምንጭ፣ የተቆጠረ ይሁን የተገመተ፣ ሁሉም ይግባ። ለምሳሌ፦ «በግሎቦካን የ2022 ግምት መሠረት የኢትዮጵያ የቆሽት ካንሰር ሞት ምጣኔ፣ በዓለም መደበኛ ሕዝብ ተስተካክሎ፣ ከአውሮፓ በብዙ ያንሳል። ግምቱ ከአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ የተነሳ ነው፤ የአገሪቱ ሞት ገና ሙሉ በሙሉ አይመዘገብም።» ትንሽ ይረዝማል። ለቴሌግራም ፖስት ካልተመቻችሁ ካርታውን ተዉት እንጂ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አትቁረጡት።